ልጃቸው አለፈ

እንግሊዝኛ ጨርሶ የማይችል ሰው ያስቀናኛል። ኑሮው ሰላም ነው። አልሰማም፣ አልተረጎመም፣ አልተሳሳተም፤ ምሳውን በልቶ ጋደም ይላል። የሚያስፈራው እንደ እኔ ግማሹን የሚችል ሰው ነው። ግማሽ መንገድ የሚያውቅ መሪና ግማሽ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ ገደል የሚገቡት ብቻቸውን አይደለም፤ ሰው አስከትለው ነው።

ትምህርት ቤት የተማርነው እንግሊዝኛ ጨዋ ነበር። ሄደ ካለ ሄደ ነው፤ መጣ ካለ መጣ ነው። ‘ጎ፣ ዌንት፣ ጎን’ እያልን ክፍሉን ስናናውጠው፣ ግሷ ከኋላዋ አንዲት ኩርማን ቃል ካስከተለች ጠባይዋ ሁሉ እንደሚለወጥ ማንም አልነገረንም። ‘ጊቭ’ መስጠት ነው። ‘ጊቭ አፕ’ ግን ወደ ላይ መስጠት አይደለም፤ ተስፋ መቁረጥ ነው። ‘ፑት’ ማስቀመጥ ነው። ‘ፑት አፕ ዊዝ’ ግን የማይመችን ነገር ችሎ መኖር ነው። ይህችኛዋን ለባለቤቴ ለጥሩዬ ሳስረዳት፣ እሷንስ ሳልማር ነው የማውቃት ብላኝ ሽንኩርቷን መክተፏን ቀጠለች። ሊቃውንቱ ፍሬዛል ቨርብ ይሏቸዋል። እኔ ባለጭራ ግሶች እላቸዋለሁ፤ የሚናደፉት በጭራቸው ነውና።

ለእነዚህ ግሶች የማልሆን ሰው መሆኔን መናገር አለብኝ። ከተፈጥሮዬ አርፌ መቀመጥ አልችልም። ቢሮ ውስጥ ወንበሬ ከእኔ ይልቅ ኮቴን ነው የሚያውቀው። ሰው ሲያወራኝም ወሬው መሐል ላይ ሲደርስ እግሬ ይነሣል። ባለጭራ ግስ ደግሞ ትርጉሙ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። እኔ ጭራው ሳይደርስ ሄጃለሁ።

መምህር ማቴዎስ ግቢያችን ባይገቡ ኖሮ ይህ ሁሉ ጉድ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ሕንዳዊ ናቸው፤ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሒሳብ ያስተምራሉ። የፓስፖርት ስማቸው ማቲው ነው። ሰፈሩ ግን በአገራቸውም ኦርቶዶክስ መሆናቸውን ሲሰማና እሑድ እሑድ ነጠላ ተከናንበው ቅዳሴ ሲያስቀድሱ ሲያይ፣ ሳይማከር ማቴዎስ አላቸው። ባለቤታቸውና አንድ ልጃቸው እዚያው አገራቸው ናቸው። ግቢው ጥሩዬ ከአባቷ የወረሰችው ነው፤ እኔ ራሴ በጋብቻ የገባሁበት ተከራይ ነኝ ማለት ይቻላል። ከጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለእሳቸው ሰጠናቸው። ጸጥ ያሉ፣ ሰው የማይጎዱ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከማስተማሪያ ክፍል የለቀሟት ናት፤ ‘ዝም በሉ’፣ ‘ነገ ፈተና’፣ ‘አለፈ’፣ ‘ወደቀ’፣ ከዚያ ብዙ አትርቅም።

ስለዚህ በእሳቸውና በሰፈሩ መካከል የተዘረጋሁት ድልድይ እኔ ነበርኩ። በድልድይ ላይ የሚሻገር ሰው ከሥር ያለውን እንጨት አይመረምርም።

አንድ ጠዋት በራቸው ላይ ቆመው፣ ‘ዋተር ሃዝ ራን አውት’ አሉኝ። ዋተር ውሃ፤ ራን ሮጠ፤ አውት ውጭ። ውሃ ወደ ውጭ ሮጧል። ቱቦ ፈነዳ ብዬ የጫማዬን ክር ሳላስር ዶማ ይዤ ጓሮ ገባሁ። ርጥብ መሬት ፈለግሁ፤ አጣሁ። በመሬት ውስጥ እየሮጠ ይሆናል ብዬ ቱቦው ባለበት መሥመር ቆፈርኩ። ቱቦውን አገኘሁት፤ በዶማው። ለካ ሰውየው ያሉኝ ውሃ አልቋል ነው። ውሃ ስላልነበረ የወጋሁት ቱቦ ያን ጊዜ አልፈሰሰም፤ እኔም አፈሩን መልሼ ዝም አልኩ። ከሰዓት በኋላ ውሃ ሲለቀቅ ግን እውነትም ወደ ውጭ ሮጠ።

ይህንን ሰፈሩ ስቆ ረሳው። የችግኙ ግን አልተረሳኝም። መምህር ማቴዎስ ከአገራቸው ባመጡት ዘር ያፈሉት ቃሪያ ነበራቸው። የደብረ ታቦር ብርድ እንዳያገኘው በጣሳ ተክለው፣ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ውጭ፣ ደመና ሲመጣ ወደ ቤት ያመላልሱታል። ለስብሰባ አዲስ አበባ ሲሄዱ ጣሳዎቹን በግድግዳው ጥግ ደርድረው፣ ‘ፕሊዝ ሉክ አፍተር ማይ ፕላንትስ’ ብለውኝ ሄዱ። ሉክ ተመልከት ነው። አፍተር በኋላ ነው። ከችግኞቹ በስተኋላ ያለውን ተመልከት። ከችግኞቹ በስተኋላ ያለው የጥሩዬ አባት ያሠሩት አሮጌ ግድግዳ ነው። ሌባ ዘሎ እንዳይገባ ሠግተው ነው አልኩ። ጠዋት ስነሣ ግድግዳውን አያለሁ፤ ከሥራ ስመለስ ግድግዳውን አያለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም በላዩ ላይ እሾህ ደረደርኩበት። መምህር ማቴዎስ ሲመለሱ ግድግዳው ደኅና ነው፤ ቃሪያው ደርቋል።

ችግኞቼን ተንከባከብልኝ ላሉኝ ሰው ግድግዳውን እንዴት እንደጠበቅሁላቸው ላስረዳ ሞከርኩ። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ጎንበስ ብለው ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አነሡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣሁ። ስልኬ ላይ አንድ ጺማም ፈረንጅ ባለጭራ ግሶችን የሚያስተምርበት ቪዲዮ አገኘሁና ጆሮዬ ላይ ሰክቼ መዞር ጀመርኩ። ከአልጋ ስነሣ ‘ጌት አፕ’፣ ካልሲ ሳጠልቅ ‘ፑት ኦን’፣ መብራት ስትጠፋ ‘ጎ አውት’ እላለሁ። መብራታችን ለትምህርቱ በጣም ተባበረችኝ። መንገድ ላይ ሰላምታ የሚሰጡኝ ሰዎች ለብቻዬ ማውራት የጀመርኩ መስሏቸው ለጥሩዬ ጸበል መክረዋታል።

ለመሥሪያ ቤት ሥራ ወደ ገሳይ ከተማ ስሄድ በሚኒባስ ውስጥም ትምህርቴን አላቋረጥኩም። የዕለቱ ትምህርት ስለ መሳፈርና መውረድ ነበር። ጺማሙ ይላል፤ እኔ በአፌ እከተላለሁ። ጆሮው የተደፈነ ሰው የድምፁን ልክ አያውቅም። ‘ጌት ኦፍ፣ ጌት ኦፍ’ ስል መኪናው ዳር ያዘ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ወራጁን ይጠብቃል። ቦታው ላይ ቤት የለም፣ ዛፍ የለም፤ ያለው ከጉና የሚወርደው ነፋስ ብቻ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። እየተማርኩ ነው ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ግን እዚህ ዘመድ አለኝ አለ። ወረድኩ። ሚኒባሱ እስኪሰወር ድረስ የሌለ ዘመዴን ቤት የምፈልግ መስዬ ቆሜ፣ የቀረውን መንገድ አፍንጫዬን በኮሌታዬ ሸፍኜ በእግሬ ጨረስኩት።

እየሄድኩ ለራሴ ማጽናኛ ፈለግሁ። እኛስ ምን ለየን? ‘ፈረደለት’ እና ‘ፈረደበት’ን የምትለያቸው አንዲት ፊደል አይደለችም? አንዱ ርስቱን ይዞ ይወጣል፤ አንዱ ወኅኒ ይወርዳል። ‘መሰከረለት’ እና ‘መሰከረበት’ም እንዲሁ ነው። የእኛን ጭራ ከጡት ጋር ስለጠባነው አይነድፈንም እንጂ፣ እንግዳውንስ እንዴት ያደርገው ይሆን እያልኩ ገሳይ ገባሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ያን ሰሞን ትምህርቱ ‘ፓስ’ የምትባለው ግስ ላይ ደርሶ ነበር። ጺማሙ፣ ፓስ ስትሰሙ ፈተና ማለፍ ብቻ አይምሰላችሁ አለ። ‘ፓስ አዌይ’ መሞት ነው። ‘ፓስ ኦን’ም መሞት ነው። ‘ፓስ አውት’ ደግሞ፣ ሲል ኔትወርኩ ሄደ። ሌላ ሰው እስኪመለስ ይጠብቅ ነበር። እኔ የቀረውን በራሴ ጨረስኩት። አዌይም ሞት፣ ኦንም ሞት ከሆኑ፣ አውት ከየትኛው ዘመዱ ወርሶ በሕይወት ይተርፋል?

ቅዳሜ ነበር። መምህር ማቴዎስ በዋዜማው ለጉዳይ ባሕር ዳር ሄደዋል። ረፋዱ ላይ ስልኬ መልእክት አመጣ። እንዲህ ይላል፦ ‘ማይ ሰን ፓስድ አውት ቱደይ። አይ ብሮክ ዳውን ዌን አይ ሶው ኢት። አይ አም ካሚንግ ባክ ዚስ አፍተርኑን። ፕሊዝ ቴል ኤቭሪዋን። ሌት አስ ጌት ቱጌዘር።’

በአማርኛ መለስኩት። ልጄ ዛሬ ሞተ። ሳየው ብሮክ ዳውን። ይህችን ጺማሙ በሁለት መንገድ ነው ያስተማረን፤ መኪና ሲበላሽና ሰው አልችል ብሎ ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ። መምህር ማቴዎስ መኪና የላቸውም። ከሰዓት እመለሳለሁ። ለሁሉም ንገርልኝ፤ እንሰብሰብ። ከአራት ባለጭራ ግሶች ሦስቱን በትክክል ነው የተረጎምኩት። ይህን የምናገረው ለክብሬ ያህል ነው።

ደወልኩላቸው። የስልኳ ሴትዮ ደንበኛውን አሁን ማግኘት እንደማልችል ነገረችኝ። ጥሩዬ መልእክቱን ደጋግሜ እንዳነብላት አደረገች። እሷ ነገር ሳታላምጥ አትውጥም። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛው ባላሰበበት ነው፤ ሰው የልጁን መርዶ በስልክ ጽፎ ራሱ ያረዳል ወይ አለችኝ። የሠለጠነ ሰው እንዲህ ነው አልኳት። እስኪመጡ ብንጠብቅስ አለች። ጠብቀን መጥተው ባዶ ግቢ ቢያገኙስ አልኳት። የደረቀው ቃሪያ ለሁለታችንም ትዝ ሳይለን አልቀረም። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ።

መጀመሪያ የደረስኩት ጋሽ አዳነ ዘንድ ነው። ጋሽ አዳነ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊና የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ደንብ ካላመሳከሩ ሰላምታም አይመልሱም። ተከራይ የእድር አባል ነው ወይ? ነው፤ መስቀል ላይ ገብቷል። ልጅ በአባቱ ይታቀፋል ወይ? ይታቀፋል። ሬሳው ግን ባሕር ማዶ ነው፤ ቀብር በሌለበት ድንኳን ይተከላል ወይ? እዚህ ላይ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቆዩ። ከኮሚቴው አንዱ ደንቡ አይልም ሲል እጃቸውን አነሡ።

“ድንኳን ለሬሳ አይተከልም” አሉ። “ሬሳ አይበርደው። ድንኳን የሚተከለው ለቀረው ሰው ነው። ይተከል።”

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። የእድሩ ጥሩምባ ጮኸ። ወጣቶች ቋሚና አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጡ። ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ቆመ፤ ንፍሮው በትልቁ ድስት ተጣደ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ከዩኒቨርሲቲውም ጥቂት መምህራን ሰምተው መጡ፤ እነሱም ቢሆኑ ከእኔ ነው የሰሙት።

እትዬ ብርቄ ከአጥራችን ማዶ ነው የሚኖሩት። በሙሾ አውራጅነታቸው ደራ ድረስ ይጠራሉ፤ እሳቸው ያላለቀሱለት ሰው በደንብ እንደሞተ አይቆጠርም። ግን የማያውቁትን ሰው አያለቅሱም። ወደ ጥግ ጎትተውኝ ስለ ሟቹ ይጠይቁኝ ጀመር። ስሙ ጆርጅ ነው አልኳቸው፤ ጊዮርጊስ ብለው ያዙት። ቁመቱስ? አላውቅም። ተኳሽ ነበር? አይመስለኝም። በሬ ይጠምድ ነበር? ኮምፒውተር ነው የሚማረው አልኳቸው። እትዬ ብርቄ ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ኮምፒውተር በሙሾ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ገብተው አወረዱት፦

ኮምፒውተር ሲነካ ጣቱ እንደ በገና፣
ሞት ያለ መርከቡ ባሕር ዘለለና።

ድንኳኑ በለቅሶ ተናጠ። እኔም አለቀስኩ። ልጁን አይቼው አላውቅም፤ ግን ግጥሙ ደኅና ነበር።

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ በር ላይ ቆመች። መምህር ማቴዎስ በሁለት እጃቸው ካርቶን አቅፈው ወረዱ። ድንኳኑን አዩት። እስከ ዛሬ በፊታቸው ላይ አይቼው የማላውቀው ብርሃን በራ። ካርቶኑን እንደያዙ፣ ይህ ለልጄ ነው ወይ ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። ‘የስ፣ ፎር ዩር ሰን’ አልኩ። ካርቶኑን ለእኔ አሸክመው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። ፈገግ ብለዋል፤ እንባቸውም ይወርዳል።

ጋሽ አዳነ ፈገግታውን አይተው ደነገጡ። ሐዘኑ አናውዟቸዋል፣ ደግፏቸው አሉ። ሁለት ጎልማሶች ብብታቸው ሥር ገቡ። መምህር ማቴዎስ ይህ የአገሩ የደስታ ሥርዓት ስለመሰላቸው፣ እንዳይከብዷቸው ነው መሰለኝ፣ በመካከላቸው ሆነው ዘለል ዘለል እያሉ ገቡ። ያየ ሁሉ ፊቱን ሸፈነ።

ድንኳኑ መሐል ሲደርሱ ሕዝቡን በሙሉ አዩት። እንዲህ ላለው ቀን እንግሊዝኛ እንደማይበቃ ሳይሰማቸው አልቀረም። ከክፍል ካመጧት አማርኛቸው ፈልገው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

“ልጄ አለፈ” አሉ።

እስከዚያ ድረስ ትንሽ የሚጠራጠር ሰው ቢኖር እንኳ አበቃለት። አባት በገዛ አፉ ልጄ አለፈ ካለ ምን ቀረ? ለቅሶው ጣሪያ ነካ። እሳቸውም አለቀሱ። በጥቂት ሰው ፊት ደስታቸውን ሊካፈሉ የመጡ ሰው፣ ሰፈሩ በሙሉ ስለ ልጃቸው መመረቅ እንዲህ ሲያለቅስ ሲያዩ እንዴት አያልቅሱ? ያንን ዐይነት ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። እነሱ በሐዘን፣ እሳቸው በደስታ፣ ተቃቅፈው ይነፋረቃሉ። ከዚያ መምህር ማቴዎስ ከእጄ ካርቶኑን ወስደው ከፈቱ። ኬክ ነው። በየአግዳሚው እየዞሩ ማደል ያዙ። ሰው ግራ ገባው፤ ግን ሐዘንተኛ የሰጠው አይመለስም። አንዱ ሽማግሌ ‘ነፍስ ይማር’ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሌላውም ተከተለ። ነፍስ ይማር እየተባለ ኬኩ ሩብ ያህል ሲታደል ስልካቸው ጮኸ።

እትዬ ብርቄ ሁለተኛውን ሙሾ ጀምረው ነበር። መምህር ማቴዎስ ስልኩን አዩና እየተጣደፉ ወደ እሳቸው አዞሩት። በስልኩ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ጥቁር ካባ ለብሶ፣ አራት ማዕዘን ባርኔጣ ደፍቶ፣ እጁን ያወዛውዛል። እትዬ ብርቄ ሙሾው አፋቸው ላይ ቀረ። አማተቡ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣

“ሟቹ ነው?” አሉኝ።

“ይመስለኛል” አልኳቸው።

ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ልክ ውሃ ሲሄድብን ከቧንቧው እንደምትቀረው ጠብታ መጨረሻ ላይ አንዲት አሮጊት ብቻ ቀሩ፤ እሳቸውንም ጎረቤታቸው ጎሸም አደረጓቸው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እግሬ በሩን ፈለገ። በሩ ላይ ጥሩዬ ቆማለች።

“የትም አትሄድም” አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። “ንገራቸው።”

ነገርኳቸው። ጭራ የሌለው እንግሊዝኛ ስፈልግ አፌ ተሳሰረ። ልጅዎ የሞተ መስሎን ነው አልኩ። መምህር ማቴዎስ መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላቸው። ከዚያ ድንኳኑን እንደገና አዩት። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ። የንፍሮውን ድስት አዩ። ጉንጫቸው ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ወረደ። ከዩኒቨርሲቲው የመጣ አንድ ባልደረባቸው ጠየቃቸውና ነገሩ ተብራራ፦ ለካ በእሳቸው አገር እንግሊዝኛ ‘ፓስ አውት’ ማለት ትምህርቱን ጨርሶ ተመረቀ ማለት ነው። ጋሽ አዳነ ይህ አልዋጥላቸው አለ፤ በገዛ አፋቸው በአማርኛ ልጄ አለፈ ብለውን የለም ወይ አሉ። ባልደረባው፣ ፈተናውን የተወጣ ተማሪ እኛስ ምን ሆነ እንላለን ብሎ መለሰ። 

 በቁሙ ያለ ልጅ ድንኳን ተተክሎለታል፣ ሙሾ ወርዶለታል፤ ይህ በእኛ ዘንድ ሟርት ነው። ማንም ሰው የአንድ ልጁን ለቅሶ በዐይኑ አይቶ ይቅር ይላል ብዬ አላሰብኩም። ነገ ጠዋት ሻንጣቸውን ይዘው ሲወጡ ታየኝ። ጥሩዬ አልፋኝ ሄዳ ፊታቸው ቆመች። በአማርኛ ነው የተናገረችው፤ ሐዘን የደረሰብዎ መስሎን ብቻዎን እንዳይሆኑ ብለን ነው፣ ይቅር ይበሉን አለቻቸው። ባልደረባቸው ተረጎመላቸው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

መምህር ማቴዎስ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ልጄን አያውቁትም፣ አይደለም ወይ ሲሉ ጠየቁ። ማንም አያውቀውም አለቻቸው ጥሩዬ።

ቆሙ። ከዚያ ለሐዘንተኛ ወደተነጠፈው ፍራሽ ሄደው ቁጭ አሉ። ስልኩ እጃቸው ላይ ነው፤ ልጁ ከዚያ ውስጥ ያያል። አቀርቅረው ለባልደረባቸው በእንግሊዝኛ ቀስ እያሉ ይነግሩት ጀመር። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ከአገር ቤት ተደውሎላቸው ነበር። በአገራቸው ቀብር አይቆይም፤ ከደብረ ታቦር ተነሥተው የትም ሊደርሱ አይችሉም። ስለዚህ ፊታቸውን ታጥበው ክፍል ገብተው አስተማሩ። በነጋታውም አስተማሩ። እዚህ ለማን እንደሚነገር፣ እንዴት ብሎ እንደሚነገርም አላወቁም።

ባልደረባቸው ለመተርጎም ወደ ሕዝቡ ዞረ። እሳቸው ግን አልጠበቁትም። አረፉ፣ ተለዩን ማለትን አያውቁም፤ አንቱታም አያውቁም። ያቺኑ አንዷን ቃል ከየት እንዳገኟት እንጃ፣

“አባቴ ሞተ” አሉ።

ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገም። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ ከተቀመጠበት ተነሣ። ጋሽ አዳነ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እትዬ ብርቄ መጥተው ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጡና፣ አባትዎ ስማቸው ማን ነበር ብለው ጠየቁ። ጃኮብ አሉ መምህር ማቴዎስ። እትዬ ብርቄ ያዕቆብ ብለው ለራሳቸው ደገሙት። በሬ ይጠምዱ ነበር ወይ አሉ። ባልደረባቸው ተረጎመ፤ መምህር ማቴዎስ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ የሩዝ ገበሬ ነበር አሉ። እትዬ ብርቄ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አጥብቀው አዘቀዘቁ፦

ለቀባሪ ነበር ልጅ የሚወለደው፣
ያንተንስ ቀባሪ ባሕሩ አገደው።

መምህር ማቴዎስ ቃሉን አልሰሙትም፤ ዜማውን ግን ሰሙት። ክረምት ከበጋ ይዘውት የከረሙት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ይዘዋቸዋል፤ አሁን ይዘዋቸው ባይሆን ይወድቁ ነበር። ስልኩ ከእጃቸው ሲንሸራተት ጥሩዬ አነሣችውና ለእኔ ሰጠችኝ። ልጁ ይይ፣ ከፍ አድርገህ ያዝለት፣ እንዳትንቀሳቀስ አለችኝ።

ያዝኩለት። ልጁ በዚያ በኩል ግራ ተጋብቶ አባቱ ስለ ምን እንደሚያለቅሱ ጠየቀኝ። ‘ፎር ዩር ግራንድፋዘር’ አልኩት። ሰዎቹ እነማን ናቸው አለኝ። ጎረቤት ነን አልኩት። ክንዴ ሲዝል በሌላው እጄ ደገፍኩት።  ልጁ ያችን ጥቁር ባርኔጣ ከራሱ ላይ አውልቆ ደረቱ ላይ ያዛት።